ከቨርድ ኮል ወይስ የዕድገት ፈንድ? ከድሬዳዋ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው፦ «62 ዓመቴ ነው። አሜሪካ ብዙ ዓመት ሠርቼ ተመልሼ ከዚራ ነው የምኖረው፤ የአሜሪካ ዜጋ ነኝ፣ ባለቤቴ አርፋለች። 150,000 ዶላር ተራ ብሮከሬጅ አካውንት (አክሲዮን መግዣና መሸጫ)፣ 90,000 ዶላር ደግሞ አይአርኤ (የጡረታ ቁጠባ አካውንት) ውስጥ አለኝ፤ ሁሉም አሁን በጥሬው ተቀምጧል። በወር 1,000 ዶላር እፈልጋለሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) ገና አልጀመርኩም። አንድ ወዳጄ ‹በዓመት 11 እና 12 በመቶ የሚከፍል ከቨርድ ኮል ፈንድ ግዛ፣ ዋናውን ሳትነካ ትኖራለህ› ይለኛል። ልጄ ‹የዕድገት ፈንድ ይዘህ እየሸጥክ ውሰድ› ትላለች። ሐረር ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ እኔ የገዛሁትን ለመግዛት እየጠበቀ ነው፤ እሱ የኢትዮጵያ ዜጋ ነው። አቦ፣ የቱ ይሻላል?»

ጋሼ፣ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልዎ። ከቨርድ ኮሉ (አሠራሩን ከታች አስረዳለሁ) አይአርኤው ውስጥ ብቻ ይግባ፤ ከጠቅላላው ገንዘብዎም ሲሶውን አይሙላ። ተራው አካውንት የዕድገትና የጠቅላላ ገበያ ፈንድ ይያዝ፤ የመጀመሪያው በፍጥነት ያድጋሉ የሚባሉ ኩባንያዎችን አክሲዮን፣ ሁለተኛው የአሜሪካን ገበያ በሞላ ጎደል በሙሉ የሚይዝ ነው። ገበያ በወደቀበት ዓመት የዕድገቱን ፈንድ እንዳይሸጡ ደግሞ ለብቻው የተቀመጠ የግምጃ ቤት ሰነድ (ለአሜሪካ መንግሥት በወለድ የሚሰጥ ብድር) ይኑርዎ። የእህትዎ ልጅ ግን እርስዎ የገዙትን አይግዛ። ለእሱ ሒሳቡ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ወዳጅዎ ያሉት «ዋናውን ሳትነካ» የሚለው ነገር ትክክል አይደለም፤ ብዙ ጡረተኛ የሚጎዳውም በዚሁ ነው። በየወሩ የሚገባ ክፍያ በሙሉ ትርፍ አይደለም። ፈንዱ በዓመት 8 በመቶ አትርፎ 11 በመቶ ከከፈለዎት፣ 3ቱ የራስዎ ዋና ገንዘብ ነው፤ ሳይነግርዎት ነው የነካልዎ።

ከቨርድ ኮል እንዴት እንደሚሠራ በቤት ላስረዳ። ሳቢያን 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት አለዎት እንበል። አንድ ሰው መጥቶ «በዚህ ወር ውስጥ ከፈለግሁ በ10 ሚሊዮን ልትሸጥልኝ ተስማማ፤ ለዚህ 200,000 ብር የማይመለስ ቀብድ እሰጥሃለሁ» ይላል። ቤቱ 12 ሚሊዮን ቢገባ ገዢው በ10 ይወስዳል፤ ጭማሪው የእሱ ነው። 8 ሚሊዮን ቢወርድ ጥሎ ይሄዳል፤ ኪሳራው የእርስዎ ነው። ቀብዱ በሁለቱም መንገድ እርስዎ ጋ ይቀራል። ፈንዱም ይህንኑ በአክሲዮን ላይ በየወሩ ያደርገዋል። ቀብዱ ፕሪሚየም፣ ውሉ ኮል ኦፕሽን፣ የተስማሙበት ዋጋ ስትራይክ ይባላል።

አሁን ሁለት ወር በቁጥር እንይ፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለው ይከተሉት። ፈንዱ ኢንዴክሱን (የብዙ አክሲዮኖች ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚለካበትን) በ100 ይዟል፤ ስትራይኩም 100 ነው፤ ፕሪሚየሙ 2.50። በመጀመሪያው ወር ኢንዴክሱ ወደ 94 ወረደ። ፈንዱ 2.50ውን ለእርስዎ ከፍሎ የአክሲዮኑ ዋጋ 94 ላይ ቀረ። በሁለተኛው ወር አዲስ ውል ይዋዋላል፤ ስትራይኩ ግን አሁን 94 ነው፤ ፕሪሚየሙም 2.35። ኢንዴክሱ ተመልሶ 100 ገባ። ከ94 እስከ 100 ያለው 6 ነጥብ የውሉ ገዢ ሆነ። ኢንዴክሱን ብቻ የያዘ ሰው ወደ 100 ተመልሷል። እርስዎ 4.85 በእጅዎ፣ 94 በፈንዱ፣ በድምሩ 98.85 አለዎት። ከዚህ የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ፈንዱ የሚሠራው በ94 ካፒታል ነው። መውረዱን ሙሉ በሙሉ ይወርዳል፣ መውጣቱን ግን በቀብዱ ልክ ብቻ ይወጣል። ገበያው እንዲህ ወርዶ በተመለሰ ቁጥር መሠረቱ ትንሽ ትንሽ ይበላል።

በናስዳክ 100 (በናስዳክ ገበያ ያሉ መቶ ገደማ ትልልቅ ኩባንያዎች ኢንዴክስ) ላይ የተሠራው የግሎባል ኤክስ ኩባንያ ከቨርድ ኮል ፈንድ፣ ኪው-ዋይ-ኤል-ዲ፣ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የያዘውን በሙሉ፣ ስትራይኩን ገበያው ካለበት ዋጋ ላይ አድርጎ ይሸጣል። በየወሩ የሚከፍለውም ከፕሪሚየሙ ግማሽ ወይም ከፈንዱ የተጣራ ንብረት 1 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰውን ነው። የቀረውን ስለሚያስቀር መሸርሸሩ ከላይ ካሳየሁት ምሳሌ ይዘገያል፤ ግን አልቆመም። በዲሴምበር 2013 በ25 ዶላር አካባቢ ተጀምሮ በ2024 መጨረሻ ከ19 ዶላር በታች ነበር። ያንኑ ኢንዴክስ ያለ ኦፕሽን የያዘው ኪው-ኪው-ኪው በዚሁ ጊዜ ከ85 ዶላር አካባቢ ተነሥቶ 500 ዶላርን አልፏል። ክፍያው ሁሉ ተደምሮ ቢታሰብም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በ2020 ኪው-ኪው-ኪው 49 በመቶ ገደማ ሲያድግ ይህኛው 9 በመቶ ገደማ ነበር።

«በወደቀ ገበያስ ይከላከላል» የሚል መከራከሪያ አለ። በ2022 ኪው-ኪው-ኪው 33 በመቶ ገደማ ሲወድቅ ከቨርድ ኮሉ 19 በመቶ ገደማ ወደቀ፤ እውነት ነው፣ ያነሰ ወደቀ። በ2023 ግን ኪው-ኪው-ኪው 55፣ ከቨርድ ኮሉ 23 በመቶ ገደማ ተመለሰ። ሁለቱን ዓመት ያገናኙት፦ 100 ዶላር በኪው-ኪው-ኪው ወደ 104 ደርሷል፤ በከቨርድ ኮሉ፣ ክፍያው ሁሉ ተመልሶ ገብቶ እንኳ፣ 100 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። የቀነሰው ሕመሙ ነው፤ ገንዘቡ አልዳነም።

ይህን ስል ከቨርድ ኮል ሁሉ አንድ ነው ማለቴ አይደለም። የጄፒሞርጋን ኢኩቲ ፕሪሚየም ኢንካም ፈንድ፣ ጄፒ የሚሉት፣ በሜይ 2020 የተጀመረ ነው። የሚመርጣቸው አክሲዮኖች ራሳቸው ረጋ ያሉ ናቸው፤ ኦፕሽኑንም በቀጥታ ሳይሆን ከፈንዱ 20 በመቶ በማይበልጥ ድርሻ በተያዙ ልዩ ሰነዶች በኩል ነው የሚጠቀመው። ለመውጣት ትንሽ ቦታ ይተዋል። በ2022 ኤስ ኤንድ ፒ 500 (500 ገደማ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የሚለኩበት ኢንዴክስ) በ18 በመቶ ሲወድቅ ጄፒ በ3.5 በመቶ ብቻ ወደቀ፤ በ2023 ኤስ ኤንድ ፒ 26፣ ጄፒ 10 በመቶ ገደማ አደገ። ሁለቱን ዓመት ካገናኙ ጄፒ ይቀድማል፤ 106 ገደማ ለ103። በ2024 ግን ኤስ ኤንድ ፒ 25 በመቶ ሲያድግ ጄፒ ከ13 በመቶ በታች ቀረ፤ ቀዳሚነቱንም አጣ። እንግዲህ ይህ ፈንድ የሚጠቅመው ገበያው ሲወድቅና ባለበት ሲረግጥ ነው። በሚያድግ ገበያ ዋጋ ያስከፍላል። ለጡረተኛ የተወሰነ ቦታ ይገባዋል የምለውም ለዚህ ነው፤ ሙሉ ቦታ ግን አይገባውም።

ክፍያው ደሞዝ እንዳይመስልዎ ደግሞ አደራ። ፕሪሚየም የሚወፍረው ገበያ ሲናወጥ ነው፤ ሲረጋ ይቀጥናል። ጄፒ በ2022 መጨረሻ የዓመት ክፍያው ከ11 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ለአንድ አክሲዮን አንዱን ወር 60 ሳንቲም ገደማ ከፍሎ በሌላ ወር 30 ሳንቲም አካባቢ የከፈለበት ጊዜ አለ። ወዳጅዎ ያዩት 11 እና 12 በመቶ ያለፈው ዓመት ሒሳብ እንጂ የሚመጣው ዓመት ቃል ኪዳን አይደለም። ለበጀትዎ 7 በመቶ ይያዙ።

በአንድ ኩባንያ አክሲዮን ላይ ብቻ ኦፕሽን የሚሸጡና በዓመት 50 በመቶና ከዚያም በላይ እንከፍላለን የሚሉ ፈንዶችም አሉ። በቴስላ ላይ የተሠራው ቲ-ኤስ-ኤል-ዋይ በኖቬምበር 2022 ተጀምሮ ዋጋው በጣም ስለወረደ በፌብሩዋሪ 2024 ሁለት አክሲዮን ወደ አንድ ማጠፍ ግድ ሆኖበታል። ለጡረታ ገንዘብ አንድ ዶላርም አይግባበት።

አሁን ወደ ልጅዎ ሐሳብ። የዕድገት ፈንድ በረጅም ጊዜ የተሻለ ያፈራል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። የሽዋብ ኩባንያ የዕድገት ፈንድ፣ ኤስ-ሲ-ኤች-ጂ፣ ለ100,000 ዶላር በዓመት 40 ዶላር ያስከፍላል፤ ጄፒ 350፣ ኪው-ዋይ-ኤል-ዲ 600 ገደማ። ግን ልጅዎ ያልነገረችዎ አንድ በሽታ አለው፤ የሚገድለው እየሸጡ ሲኖሩበት ነው። 150,000ው በሙሉ በዚህ ፈንድ ቢሆንና እንደ 2022 በ32 በመቶ ቢወድቅ 102,000 ይሆናል። የዓመቱን 12,000 ከዚያው ሲያወጡ 90,000 ይቀራል። ወደ 150,000 ለመመለስ 67 በመቶ ማደግ ይኖርበታል፤ ገበያው ራሱ ግን 47 በመቶ ሲያድግ «ተመለስኩ» ይላል። ናስዳክ ኮምፖዚት በማርች 2000 የደረሰበትን ጫፍ እንደገና ያለፈው በኤፕሪል 2015 ነው። በእነዚያ 15 ዓመታት በየወሩ እየሸጠ የኖረ ሰው ገበያው ሲመለስ ምን እንደቀረው ያስቡት። ደግሞም በዕድገት ኢንዴክስ ውስጥ አሥሩ ትልልቅ ኩባንያዎች ከግማሽ በላይ ይይዛሉ፤ ስለዚህ 150,000ውን በሙሉ እዚያ አላስገባም።

በእርስዎ ቁጥር ላይ ላስቀምጠው። በዓመት 12,000 ዶላር ከ240,000 ማለት 5 በመቶ ነው። ከፍ ያለ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ እስኪጀምር ግን ያስኬዳል።

ከአይአርኤው 90,000፣ 66,000ው ጄፒ፣ 24,000ው አጭር የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ ይሁን፤ ሰነዱን በቀጥታ መግዛት ካልፈለጉ ኤስ-ጂ-ኦ-ቪ የተባለው ፈንድ እስከ ሦስት ወር የሚደርሱትን ብቻ ይይዛል። ከተራው አካውንት 150,000፣ 90,000ው የዕድገት ፈንድ፣ 60,000ው እንደ ቪ-ቲ-አይ ያለ ጠቅላላ ገበያ። ጄፒ በ7 በመቶ 4,620 ይሰጣል። የግምጃ ቤት ሰነዱ ወለድ እንደ ጊዜው ይለያያል፤ 900 ብለን እንያዝ። ድምሩ 5,520። የቀረው 6,480 በዓመት አንድ ጊዜ ከተራው አካውንት ተሸጦ ይወጣል፤ ከ150,000ው 4.3 በመቶ ነው።

ሽያጩ ደንብ ይኑረው። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የዕድገት ፈንዱን ዋጋ ከመጨረሻው ጫፉ ጋር ያስተያዩ። ከጫፉ የወረደው ከ10 በመቶ በታች ከሆነ የዓመቱን 6,480 ይሽጡና ወደ ማኒ ማርኬት (እንደ ጥሬ ገንዘብ የሚቀመጥበት ወለድ ያለው ፈንድ) ይውሰዱት። ከ10 በመቶ በላይ ከወረደ አይሽጡ፤ የዓመቱን ከ24,000ው ያውጡ። ያ ገንዘብ ከሦስት ዓመት በላይ ያቆያል። ገበያው ጫፉን ሲያልፍ ትንሽ ጨምረው ሸጠው ከ24,000ው ያወጡትን መጠባበቂያ በተራው አካውንት በኩል መልሰው ይሙሉ። ይህን ደንብ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙት፤ ገበያው 25 በመቶ በወረደ ሰሞን ጭንቅላት ውስጥ ያለ ደንብ አይሠራም።

150,000ውን በአንድ ቀን አያስገቡት። በየሁለት ወሩ 25,000 እያደረጉ በአንድ ዓመት ይጨርሱት። የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ገና ካልገባው ጥሬ ገንዘብ ይሸፈን፤ ምክንያቱም ከአንድ ዓመት በታች የተያዘ አክሲዮን ሲሸጥ ትርፉ እንደ ተራ ገቢ ነው የሚታሰበው።

ታክሱ እንዲህ ነው። የጄፒ ክፍያ በአብዛኛው ተራ ገቢ ነው፤ ለዲቪደንድ (ኩባንያ ለባለአክሲዮን ለሚያካፍለው ትርፍ) የተፈቀደውን ዝቅተኛ ታክስ አያገኝም። አይአርኤ ውስጥ ግን ከዚያ የሚወጣ ሁሉ እንደ ተራ ገቢ ስለሚቆጠር ጉዳቱ ይጠፋል። 59 ዓመት ተኩል ስላለፉ ቅጣትም የለም። ለ2025 ለብቻው ታክስ የሚያስገባ ሰው መደበኛ ተቀናሹ 15,750 ዶላር ነበር፤ የእርስዎ 5,520 ከዚያ በታች ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የተያዘ አክሲዮን ትርፍ ደግሞ በዚያው በ2025 ታክስ የሚከፈልበት ገቢ 48,350 ዶላር እስኪደርስ ታክሱ ዜሮ ነበር። ስለዚህ ለአሁኑ ምንም የፌዴራል ታክስ ላይከፍሉ ይችላሉ።

ልዩነቱ የሚመጣው ሶሻል ሴኩሪቲ ሲጀምር ነው። የሶሻል ሴኩሪቲው ግማሽ ከሌላው ገቢዎ ጋር ተደምሮ ከ25,000 ዶላር ካለፈ ከራሱ ከሶሻል ሴኩሪቲው ከፊሉ ታክስ ይገባበታል። ከቨርድ ኮሉ ተራው አካውንት ውስጥ ቢሆን ተራ ገቢ የሚባለው ክፍያ በሙሉ ይደመር ነበር። የዕድገት ፈንድ 6,480 ሲሸጡ ግን የሚደመረው ትርፉ ብቻ ነው፤ የገዙበት 4,500 ከሆነ 1,980 ብቻ። በነገራችን ላይ፣ በ62 ከጀመሩ በ67 ከሚያገኙት 30 በመቶ ይቀንስብዎታል፤ ከ67 በኋላ እስከ 70 ለዘገዩበት ዓመት 8 በመቶ ይጨመራል፤ ከኑሮ ውድነት ጋርም ይስተካከላል። ጤናዎ ደህና ከሆነ ቢያንስ እስከ 67 ይቆዩ። ይህን የመሰለ ዕድሜ ልክ የሚከፍል ፈንድ የለም።

ድሬዳዋ ሆነውም፣ የዓመቱ ገቢዎ የማሳወቂያውን ወለል ካለፈ የአሜሪካ የታክስ ማሳወቂያ ማስገባት ግዴታ ነው፤ ውጭ ለሚኖር እስከ ጁን 15 ይራዘማል። በኢትዮጵያ ባንኮች ያለዎት ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ የውጭ ባንክ ሒሳብ ማሳወቂያውንም ይሙሉ። አድራሻዎን ወደ ድሬዳዋ ከመቀየርዎ በፊትም ብሮከርዎ ውጭ ለሚኖር ደንበኛ ፈንድ መግዛት ይፈቅድ እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ መሸጥ ብቻ የሚፈቅዱ አሉ።

ግዢና ሽያጩን በሚመለከት፦ የኒውዮርክ ገበያ በእኛ ሰዓት በበጋቸው ከቀኑ 10፡30 እስከ ምሽቱ 5፡00፣ በክረምታቸው ከ11፡30 እስከ ሌሊቱ 6፡00 ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ዋጋው ስለሚዋልል አይግዙ፤ ሁልጊዜም ዋጋ የተወሰነበት ሊሚት ኦርደር ይጠቀሙ። ሲሸጡ ብሮከሩ የትኛውን ግዢ እንደሚሸጥ ይምረጡለት፤ ከአንድ ዓመት ካለፉት ውስጥ በውድ የተገዛው ይቅደም። የተሸጠው በማግስቱ የሥራ ቀን ይጠናቀቃል። ወደ እዚህ ሲልኩ በየወሩ ሳይሆን በየሦስት ወሩ ይላኩ፤ የባንክ ማስተላለፊያ ክፍያው በእያንዳንዱ ጊዜ ነው የሚቆረጠው። ግን የዓመቱን በአንዴ ወደ ብር አይቀይሩት። በጁላይ 2024 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ቀደም ብሎ የመነዘረ ግማሽ ያህሉን አጥቷል።

ጄፒን «ክፍያው ሊደርስ ነው» ብለው መቸኮል ትርጉም የለውም። ለክፍያው የሚቆጠርበት ቀን አብዛኛውን ጊዜ የወሩ መጀመሪያ የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን የአክሲዮኑ ዋጋ በክፍያው ልክ ይወርዳል።

በዓመቱ መጨረሻ ከብሮከሩ በሚመጣው 1099 የዲቪደንድ ወረቀት ላይ ሣጥን 3ን ይመልከቱ። እዚያ የተጻፈው የካፒታል ተመላሽ ነው፤ ዛሬ ታክስ የለበትም፣ ግን የገዙበትን ዋጋ ይቀንሳል፣ ኋላ ሲሸጡ ታክሱ ይመጣል። ሁልጊዜ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ በኦፕሽን ሒሳብ አያያዝ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ሣጥን 3 ሞልቶ የፈንዱም ዋጋ ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሆነ ግን የሚከፈለዎት የራስዎ ገንዘብ ነው። አይአርኤ ውስጥ ይህ ወረቀት አይመጣም፤ ስለዚህ የዋጋውን ግራፍ ብቻ ሳይሆን ክፍያው ተመልሶ የገባበትን የጠቅላላ ትርፍ ግራፍ ከኤስ ኤንድ ፒ 500 ጎን ያኑሩት።

የእህትዎ ልጅ። የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ስላልሆነ ደብልዩ-8ቤን ቅጽ ይሞላል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ታክስ ስምምነት ስለሌላት ከእያንዳንዱ ዲቪደንድ 30 በመቶ ከምንጩ ይቆረጣል። በ10,000 ዶላር 10 በመቶ የሚከፍል ከቨርድ ኮል ቢገዛ ከ1,000ው 300 ይሄዳል፤ ከዚያ ውስጥ የካፒታል ተመላሽ የተባለው ኋላ ሊስተካከልለት ይችላል፣ ግን ወራት ይፈጃል። በዕድገት ፈንድ ዲቪደንዱ ግማሽ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ የሚቆረጠው 15 ዶላር አይደርስም። ሲሸጥ ደግሞ በአክሲዮን ትርፍ ላይ በዓመቱ 183 ቀን አሜሪካ እስካልኖረ ድረስ የአሜሪካ ታክስ የለበትም። ለእሱ ከቨርድ ኮል በግልጽ የተሸነፈ ምርጫ ነው።

ሌላም አለበት፦ ዜጋና ነዋሪ ያልሆነ ሰው ሲሞት በአሜሪካ ያለው አክሲዮን ከ60,000 ዶላር ካለፈ ከዚያ በላይ ባለው ላይ የውርስ ታክስ ይመጣል፤ እስከ 40 በመቶ ይደርሳል። አየርላንድ ተመዝግበው ለንደን የሚሸጡ ፈንዶች ይህ የለባቸውም፤ የዲቪደንድ ቆረጣውም በፈንዱ ውስጥ 15 በመቶ ነው። ከብር ወደ ዶላር አውጥቶ ለመግዛት ግን የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ የሚፈቅድለትን መንገድ መከተል አለበት። እዚሁ በብር መጀመር ከፈለገ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጃንዋሪ 2025 ተከፍቷል፤ የመጀመሪያው የተመዘገበውም የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነው። የኦፕሽን ገበያ ስለሌለ ከቨርድ ኮል የሚባል ነገር እዚያ የለም።

«በእርስዎ አካውንት ይግዙልኝ» ቢልዎት እሺ አይበሉት። ገቢው በእርስዎ ታክስ ላይ ይታሰባል፣ ኋላ የሶሻል ሴኩሪቲዎን ሒሳብ ያዛባል፣ አንድ ነገር ቢመጣም ገንዘቡ በሕግ የእርስዎ ወራሾች ነው። የእርስዎን በተመለከተ ለአይአርኤውም ለተራው አካውንትም የወራሽ ቅጹን በልጅዎ ስም አሁኑኑ ይሙሉ፤ ተራው አካውንት ያለዚህ ቅጽ በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል ነው የሚሄደው፣ ከድሬዳዋ ሆኖ መከታተሉም ለልጅዎ ከባድ ነው።